መገናኛ ላለው የኮምፒውተር ጥገና ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ምስጋና ከጻፍኩ መቆየት ነበረብኝ። ሥራ ወጥሮኝ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም። ውለታ ውሎልኝ ዝም ማለቴ ግን ሲከነክነኝ ከረመ። ዛሬ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ተቀመጥኩ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ድሮ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ እጄን የፈታሁት በአማርኛ ታይፕራይተር ነው። ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ጣትሽ እየሠራ ቤት አትቀመጪም" ብሎ ይቺን ሱቅ ከፈተልኝ። እሱ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነ። ሱቋ ግን እስካሁን ታበላኛለች።

ለእኔ ዋናው ወቅት ግንቦትና ሰኔ ነው። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ሊያስተካክል፣ አንዱ ሊያስጠርዝ፣ አንዱ ደግሞ "እትዬ፣ ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው" እያለ ደጄ ላይ ይቆማል። በ2017 ግንቦት፣ ልክ በዚህ ግርግር መሀል፣ ዋናው ኮምፒውተሬ ያስቸግረኝ ጀመር። ስከፍተው ይሠራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል። ኋላማ ጭራሽ ዲስኩን አላገኘውም አለኝ።

ዲስኩ፣ ፋይሎቼ የሚቀመጡበት ኤስኤስዲ የሚሉት፣ አሮጌ አይደለም። ጥር 2016 ላይ አዲስ ገዝቼ ያስገባሁት ነው። ካርቶኑ ላይ የ3 ዓመት ዋስትና እንዳለው በግልጽ ተጽፏል። ደረሰኙን ከነካርቶኑ አስቀምጬዋለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ልማድ ነው፣ ወረቀት አልጥልም። ስለዚህ ብዙም አልደነገጥኩም። ይቀይሩልኛል ብዬ ወደ ገዛሁበት ሄድኩ።

የማንንም ስም አላነሣም። ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጁ ደረሰኜን ዘርግቶ እንኳን አላየውም። "የኛ ዋስትና 1 ዓመት ነው ማዘር፣ አልፎበታል" አለኝ። ካርቶኑ 3 ይላል ብዬ አሳየሁት። "እሱ የፋብሪካው ነው። ፋብሪካውን ይጠይቁ።" ፋብሪካውን የት ነው የማገኘው? መልስ የለም። በጣቱ የደረሰኙን ግርጌ አሳየኝ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማኅተም አለበት። ከዚያ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በኋላ ሰው ሲያስረዳኝ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ስገዛው 1 ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሁን አዲስ ይተኩልኝ ቢሉ ያኔ ከከፈልኩት በላይ ያወጣሉ። ይህ ይገባኛል። ነጋዴም ሰው ነው፣ ይከስራል። ግን እንደ ሰው አስቀምጦ ማስረዳት ምን ገንዘብ ይጠይቃል?

ሁለተኛው ቦታ ገና ሳይከፍቱት "መብራት መጥቶ ሲሄድ አቃጥሎታል፣ ይህን ዋስትና አይሸፍነውም" አሉኝ። ለምርመራ ብለው 600 ብር ተቀበሉኝ። ምን እንደመረመሩ እግዜር ይወቀው። ሦስተኛው ቦታ የባሰ ነው። "ፎርማት እናድርገውና እንየው" አለኝ። ውስጡ ያለውስ አይጠፋም ወይ ብዬ ስጠይቀው "እንዴ፣ ኮፒ የለዎትም?" ብሎ ሳቀ። ዕቃዬን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ አልዋሻችሁም።

ፒያሳ የማምነው ሠራተኛ ነበረኝ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁን ዘጋ፣ ስልኩም አይነሣም። እሱ ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር።

ዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፣ ያኔ ለምን እንዳለቀስኩ ይገባችኋል። የ11 ተማሪዎች ጽሑፍ አለ። ይሄ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን "ያረፉ" ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ነው። ሰፈራችን ሰው ሲያርፍ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቤተሰብ በወረቀት ጫር ጫር አድርጎ ያመጣልኛል፣ እኔ አስተካክዬ እጽፋለሁ። ሂሳብ አልቀበልበትም። ከ200 በላይ ሰዎች እዚያ ውስጥ አሉ። አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ልጆቻቸው መጥተው "እትዬ፣ የእማዬ አለሽ?" ይሉኛል። አትሜ እሰጣቸዋለሁ። የባለቤቴም እዚያው ነው። እሱን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የታተመው ከአስከሬኑ ጋር ሄደ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም።

ወደ መገናኛው ልጅ የመራኝ አንድ ተማሪ ነው። "እትዬ፣ የኔን ላፕቶፕ የሠራ ልጅ አለ፣ አብረን እንሂድ" ብሎ ፈተና እያለበት ወሰደኝ። እሱንም እግዚአብሔር ያክብረው።

ሱቁ 3ኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ጥግ ያለች ናት። ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና መጀመሪያ የተናገረው "ማዘር፣ ደረጃው አድክሞዎታል፣ ይቀመጡ" የሚል ነው። የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ውኃ አስመጣልኝ። እኔ ገና ስለ ዲስኩ አልተነፈስኩም።

ከዚያ ዲስኩን ተቀበለኝ። ላዩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንድ ረጅም ቁጥር አንብቦ ስልኩ ላይ ጻፈ። ስልኩን ወደ እኔ አዞረውና "ይኸው፣ ይዩት። በኛ አቆጣጠር እስከ 2019 ጥር ዋስትና አለዎት" አለኝ። በቃ! ሦስት ሱቅ የዞርኩበት ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ማንም ሰው ቁጥሩን አስገብቶ ማየት ይችላል አለኝ። አምራቾቹ ዋስትናውን የሚያውቁት በዚያ ቁጥር ነው። ወረቀቱን የቀደደ ወይም የፋቀ ሰው ግን መብቱን ያጣል።

ቀጥሎ የነገረኝን ነገር ሌሎቹ አንዳቸውም አልነገሩኝም። "ማዘር፣ ዲስኩን ይተኩልዎታል፤ ውስጡ ያለውን ግን አይመልሱም። ስንልከው በዚያው ይቀራል። መጀመሪያ የሚፈልጉትን እናውጣ።" እኔ ስለ ፎልደሬ ነገርኩት። እጁን ከሥራው ላይ አንሥቶ ሰማኝ። አልቸኮለም፣ አላቋረጠኝም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ጀመረ። ምን እንዳደረገ አልገባኝም፣ ልግለጸው ብልም ይሳሳትብኛል። የገባኝ ነገር ዲስኩ ሲሞቅ እንደሚጠፋ ብቻ ነው። ትንሽ የጠረጴዛ ፋን አምጥቶ ልክ እንደታመመ ሰው ፊቱ ላይ አዞረበት። ትንሽ ይገለብጣል፣ ይቆማል፣ ያሳርፈዋል፣ እንደገና ይቀጥላል። ደንበኛ ሲመጣ ያስተናግዳል፣ ተመልሶ ያየዋል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የሕንፃው ጥበቃ ሊዘጋ መጣ። "አባባ፣ ትንሽ ይታገሡን፣ የማዘር ነገር አላለቀም" ብሎ ለመነልኝ። 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ። "የጋሼን ይክፈቱት" አለኝ። ከፈትኩት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሙሉውን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ለራሴ ልተወው።

አራት ፋይል አልወጣለትም። ይህንንም አልደበቀኝም። የአራቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ሁለቱን ከቤተሰቦቻቸው እጅ ካለው ወረቀት መልሼ ጻፍኳቸው።

ዲስኩን በብርማ ከረጢት አድርጎ፣ ቁጥሩን ደረሰኝ ላይ ጽፎ አስፈረመኝ፣ ቅጂውን ሰጠኝ። ዕቃ የሚያመላልስ ጓደኛው ዱባይ ይዞት ሄደ። ቁጥሩና የግዢ ደረሰኙ በቂ ነው ብሎኝ ነበር፣ እንዳለውም ሆነ። እስኪመጣ ሥራ እንዳልፈታ ብሎ ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ገጠመልኝ። መያዣ አልጠየቀኝም። አዝጋሚ ቢሆንም የሰኔን ሥራ ሙሉ በእሱ ጨረስኩ፤ 11ዱም ተማሪዎች በቀናቸው አስረከቡ።

በሦስት ሳምንት ከሁለት ቀን ደወለልኝ። አዲስ፣ ማሸጊያው ያልተነካ። ካርቶኑን እኔው እንድከፍተው ሰጠኝ። ስንት ልክፈል ስለው የመላኪያውን 500 ብር ብቻ አለኝ። ለዚያ ሁሉ ሰዓትስ? "እሱን ይተዉት ማዘር" አለኝ። ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩለት፣ ከጎረቤት ሱቆች ጋር ተካፈለው። ያሳደጉት ወላጆች ይባረኩ። እጁን አይንሣው።

እባካችሁ፣ ኮምፒውተር የተበላሸባችሁ፣ ዋስትና አለኝ እያላችሁ ከሱቅ ሱቅ የምትንከራተቱ፣ ሂዱና እዩት። በተለይ እንደኔ በዕድሜ የገፋችሁ፣ ከፍ ዝቅ ተደርጋችሁ የተመለሳችሁ፣ ሂዱ። ደረሰኝ አትጣሉ፣ ካርቶን አትጣሉ። ደግሞ ዕቃው አዲስ ሆኖ ጉድለት ካገኛችሁበት ዝም አትበሉ። በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደምንችል የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ይላል። ይህንንም የነገረኝ እሱ ነው። እኔ በ15 ቀኑ ውስጥ አልነበርኩም፤ እናንተ ግን ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ ማውጣት አልፈለገም፣ "የማልችለው ሰው ይመጣብኛል" አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ስለሚጨናነቅ ጠዋት ሂዱ። እሁድ ዝግ ነው። የስድስት ኪሎዋ ታይፒስት ላከችኝ በሉት፣ ያውቀኛል።