«ጭንቀት ነው» ተብላችሁ ለተመለሳችሁ፣ የልቤን ሐኪም ልጠቁማችሁ

ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ልባችሁ ድንገት እየተነሳ የሚያስጨንቃችሁ ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለዓመታት ልቤ ያለ ምንም ምክንያት ይነሳብኝ ነበር። ሮጬ አይደለም፣ ደንግጬም አይደለም። ሰሃን እያጠብኩ ወይም ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል በአንድ ጊዜ ይጀምረኛል። በደቂቃ 190 ይመታል። ደህና ሰው ቁጭ ባለበት ከ60 እስከ 100 ነው። አንገቴ ላይ ሲዘል በዓይን ይታያል። ከዚያ ደግሞ እንደ አጀማመሩ ድንገት ቀጥ ይላል።

መከራው ሐኪም ጋ ስደርስ ማቆሙ ነው። ኢኬጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ያነሱኛል፣ «ንጹህ ነው» ይሉኛል። የት የት እንደሄድኩ ስም አልጠራም። አንዱ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ስትረስ ነው፣ ሥራ ቀንሺ» አለኝ። ሥራ ልቀንስ? ኪራዬን እሱ ሊከፍልልኝ ነው? ሌላዋ ቡና አቁሚ አለችኝ። አቆምኩ። ጓደኞቼ ሲጠጡ ሽታውን እየማግኩ ተቀመጥኩ። ልቤ እንደሆነ ከቡናው ጋር ጠብ አልነበረውም፣ መነሳቱን ቀጠለ። ሌላው የጭንቀት መድኃኒት ጽፎ ሸኘኝ። የሚያንገበግበው ደግሞ «ምንም የለብሽም» ለተባልኩበት የኢመርጀንሲ ቢል ቤቴ ድረስ መምጣቱ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ዓይን ነው ልጄ፣ ጠበል ጠጪ» ትለኛለች። ጠጣሁ። እሷ ቢያንስ አምናኛለች።

ወደዚህች ዶክተር የመራችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ዶክተሯ የልብ ሐኪም ናት፣ ግን የምትሠራው የልብ ምት ላይ ብቻ ነው። እነሱ ራሳቸው ሲቀልዱ «ሌሎቹ የልብ ሐኪሞች የቧንቧ ሠራተኞች ናቸው፣ እኛ ኤሌክትሪሻኖች ነን» ይላሉ። ገና ስገባ ወንበሯን ወደኔ አዙራ ቁጭ አለች። «ሲጀምርሽ ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንዴ? ሲቆምስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቀጥላ «አንገትሽ ላይ ይመታሻል?» አለችኝ። ሳልነግራት! እንባዬ መጣ።

ደረቴ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ መሣሪያ ሰጥታ ላከችኝ። ያ ልማደኛ ልቤ ቤት ውስጥ ሲነሳ መሣሪያዋ ያዘችው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የምርመራ አልጋው ላይ በሚዘረጋው ወረቀት ልብ ሳለችና ሁለት መንገድ አሰመረችበት። ልቤ ውስጥ አንድ ትርፍ መንገድ አለ፣ ኤሌክትሪኩ በሁለቱ መሃል ክብ እየዞረ ነው የሚያስቸግረው አለችኝ። ሴቶች ላይ ይበዛል ብላኛለች። የቀረውን ማብራሪያ እውነት ለመናገር አልያዝኩትም።

መፍትሔው አብሌሽን ይባላል። በብሽሽት በኩል፣ በደም ሥር ውስጥ፣ ካቴተር የሚሉትን ቀጭን ነገር ልብ ድረስ አስገብተው ያቺን ነጥብ በሙቀት ይተኩሷታል። በቅዝቃዜ የሚሠራም አለ። ደረት አይከፈትም። እንደኔ ዓይነቱ ችግር ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይሳካለታል አለችኝ። ክፉውንም አልደበቀችም፤ ከ100 ሰው አንድ እንኳ የማይሞላው ፔስሜከር፣ ማለትም ልብን የሚያስመታ በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ፣ ሊያስፈልገው ይችላል አለችኝ።

ቀኑ ደረሰ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ የለም። እኔ የጾም ልጅ ነኝ፣ እሱ አላስቸገረኝም። ክፍሉ ግን በረዶ ነው። አንድ ነርስ የሞቀ ብርድ ልብስ አለበሰኝና «ምን ሙዚቃ ልክፈትልሽ?» አለኝ። ክራር አልኩት። ስልኩን ጎርጉሮ አገኘልኝ። ሙሉ በሙሉ አላስተኙኝም፣ በመድኃኒት ከፊል እንቅልፍ ላይ አድርገውኛል። ከዚያ ዶክተሯ «አሁን ልብሽን የማስነሳው እኔ ነኝ፣ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። ተነሳ! «ይሄ ነው?» «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሐኪም ባየ ቁጥር ሲደበቅ የኖረው ነገር ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። በዚያች ሰዓት «ጭንቀት ነው» ያሉኝን ሁሉ ጠርቼ ባሳየኋቸው!

ተኮሰችው። ከዚያ መልሳ ልታስነሳው ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች። «እምቢ አለኝ» ብላ ሳቀች።

እግሬን ዘርግቼ ለሰዓታት ተኛሁ። ብሽሽቴ በልዟል፣ ሌላ ሕመም የለኝም። ዶክተሯ መጥታ «ማን እየጠበቀሽ ነው?» አለችኝ። እናቴ አዲስ አበባ ስልኳን ይዛ እንደተቀመጠች ነገርኳት። «ደውይላት» አለች። በአስተርጓሚ በኩል ራሷ «ልጅዎ ደህና ናት» አለቻት። እናቴ ምርቃቷን ለቀቀችው። «እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ውለጂ ክበጂ!» ዶክተሯ የልጅ ልጅ ያላት ሴት ናት፤ ልትወልድ! ግን ሌላ በሽተኛ እየጠበቃት፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ድረስ ሰዓቷን አንዴ ሳታይ ቆማ ሰማች። እኔ ይህን እስክሞት አልረሳም። ያንኑ ማታ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አልተነሳም። ተመስገን!

ሁሉም የልብ ምት ችግር አንድ አይደለም። ኤፊብ የሚባለው፣ ልብ ሥርዓት አጥቶ የሚመታበት ችግር፣ ከበድ ይላል፣ አብሌሽኑ ሊደገምም ይችላል ብላኛለች። የእናንተ የቱ እንደሆነ የሚመረምራችሁ ሐኪም ይንገራችሁ። ልባችሁ ሲነሳ ራሳችሁን የምትስቱ ከሆነ ወይም ደረታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ 911 ደውሉ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። እንግሊዝኛው ያስፈራችሁም ሐኪም ቤቱን አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። መብታችሁ ነው፣ አትከፍሉበትም።

የዶክተሯን ስም ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፍም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስሟንም ስልኩንም እልክላችኋለሁ። ቀጠሮዋ ይርቃል፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ደውሉ። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ!