ሁለት ዲሽ፣ አራት ቴሌቪዥን፣ አንድ ማልቲስዊች፦ ድሬዳዋ ላይ ከ9 ወር አገልግሎት በኋላ

ግምገማው ሳቢያን ውስጥ ባለ አንድ የብሎኬት ቤት ላይ ስለተዘረጋ መስመር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ ነው። ቴሌቪዥን ያለባቸው ክፍሎች 4 ናቸው፦ ሳሎን፣ መጅሊስ፣ የወላጆች መኝታና የልጆች ክፍል። የተገዛው ዕቃ 9 መግቢያና 8 መውጫ ያለው ማልቲስዊች፣ ማለትም ከዲሾቹ የሚመጣውን ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ሳጥን ነው። ጥር ላይ ተገጥሞ እስከ መስከረም መጨረሻ የበልጉን ዝናብ፣ የግንቦትና የሰኔን ሙቀት፣ የክረምቱን መብረቅ፣ በመሃልም የመብራቱን መሄድና መምጣት ሁሉ አይቷል። ፍርዱን ከመነሻው ለማስቀመጥ ያህል፣ ሳጥኑ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ያስቸገሩት ገመዱ፣ ኮኔክተሩና ሳጥኑ መጀመሪያ የተሰቀለበት ቦታ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙው ስለ እነሱ ነው።

ብዙ ቤት የሚደረገው ከዲሹ በወረደው አንድ ገመድ ላይ ስፕሊተር ሰክቶ ለየክፍሉ ማከፋፈል ነው። መብራት እንደዚያ ይከፋፈላል፤ የዲሽ መስመር ግን እሺ አይልም። ኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ ፊት ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው ገመድ ነውና። የሳተላይት ሞገድ በሁለት አቅጣጫ (ፖላራይዜሽን) ይመጣል፦ ቨርቲካልና ሆሪዞንታል። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክለት ቨርቲካሉን፣ 18 ቮልት ሲልክለት ሆሪዞንታሉን ያወርዳል፤ የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ሲታከልበት ደግሞ ከ11700 ሜጋኸርዝ በላይ ወዳለው ከፍተኛ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ይዞራል። ከእነዚህ 4 አማራጮች በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አንዱን ብቻ ነው። ሁለት ሪሲቨር በአንድ ገመድ ሲያዙት የ18 ቮልቱ ያሸንፋል፦ ሳሎን ሆሪዞንታል ቻናል ሲከፈት፣ መኝታ ቤት ቨርቲካል ላይ የነበረው «ሲግናል የለም» ይላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ሪሲቨር የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስፕሊተር የሚበቃበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱም ሁሉም ክፍል የሚያየው በአንድ ፖላራይዜሽንና በአንድ ባንድ ያሉትን፣ ለምሳሌ ኢትዮሳት 11105 ሆሪዞንታል ላይ ያሉትን ብቻ ሲሆን ነው። ናይልሳት ሲጨመር ያ ይፈርሳል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የዐረብኛ ቻናል የማይከፈትበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ማልቲስዊች 4ቱንም አማራጮች ከየዲሹ በ4 ገመድ ተቀብሎ ሁልጊዜ ዝግጁ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ያዘዘውን ብቻ ለይቶ ይሰጠዋል። በ9 ወር ውስጥ አንድ ክፍል የሌላውን ቻናል የነካበት ቀን የለም። በዚህ በኩል ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆኑ አንድ ዲሽ ሁለቱን አይዝም። ከድሬዳዋ ሲታይ ኢትዮሳት ከሰሜን 122 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም በደቡብ ምሥራቅ፣ ከአድማስ 69 ዲግሪ ከፍ ብሎ አናት ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ናይልሳት ወደ ምዕራብ 262 ዲግሪ ላይ፣ ከፍታው 33 ዲግሪ ብቻ ነው። ሐረር ላይ ልዩነቱ 1 ዲግሪ አይሞላም። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ለናይልሳት በምዕራብ በኩል ያለ ፎቅ ወይም የማንጎ ዛፍ ያሳስባል፤ ለኢትዮሳት ግን ጎረቤት ምንም ቢሠራ ብዙም አይከልልም። ሁለተኛው፣ የኢትዮሳት ዲሽ ወደ ኋላ በጣም ስለሚጋደም መያዣው እስከዚያ መከፈቱ ሳይታይ አይገዛ። ኤልኤንቢው መሃል ላይ የሚቆም ክብ ዲሽ እዚህ ከፍታ ላይ በጀርባው ይተኛና ውሃና አቧራ ያጠራቅማል፤ ኤልኤንቢው ከታች በኩል የሚወጣው ዓይነት ይሻላል። እዚህ ቤት ለኢትዮሳት 90፣ ለናይልሳት 120 ሳንቲሜትር ነው የተተከለው።

የኤልኤንቢው መዞር ብዙ ገጣሚ የሚያልፈው ነገር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ከዲሹ ጀርባ ሆኖ ወደ ሳተላይቱ ሲታይ ለኢትዮሳት ወደ ግራ፣ ማለትም ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ፣ 57 ዲግሪ ገደማ፤ ለናይልሳት ወደ ቀኝ 77 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ስሌቱ መነሻ ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ በሪሲቨሩ ላይ ያለው የጥራት ቁጥር ነው። ሳይዞር ከቀረ ቨርቲካሉና ሆሪዞንታሉ ይደባለቃሉ፤ በማልቲስዊች ላይ ደግሞ ገመዶቹ በተሳሳተ መግቢያ የተሰኩ ይመስላል።

ትልቁ የግዢ ስህተት የሚፈጠረው ኳድና ኳትሮ በሚባሉት ኤልኤንቢዎች መካከል ነው። ሁለቱም ባለ 4 መውጫ ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ኳድ ስዊቹ በውስጡ ስላለ እያንዳንዱ መውጫ በቀጥታ ለአንድ ሪሲቨር ይሆናል። ኳትሮ ግን እያንዳንዱ መውጫው ቋሚ ነው፦ ዝቅተኛ ቨርቲካል፣ ዝቅተኛ ሆሪዞንታል፣ ከፍተኛ ቨርቲካል፣ ከፍተኛ ሆሪዞንታል። ለዚህ ሳጥን የሚያስፈልገው ኳትሮ ነው። ሱቅ ውስጥ ሻጩ «ያው ነው» ቢል አይታመን። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሪሲቨር አንድ መውጫ ላይ ሰክቶ የቨርቲካልም የሆሪዞንታልም ቻናል መክፈት፤ ሁለቱም ከመጡ ኳድ ነው። ሳጥኑ ላይ መግቢያዎቹ 13 ቮልት፣ 18 ቮልት፣ 13 ቮልት ከ22 ጋር፣ 18 ቮልት ከ22 ጋር ተብለው ተጽፈዋል፤ ቅደም ተከተሉ ከኤልኤንቢው ጋር በትክክል መገጠም አለበት። 9ኛው መግቢያ ለምድር አንቴና ነው፤ እዚህ ቤት ባዶውን ቀርቷል።

የገመዱ ሂሳብ እንዲህ ነው። ከሁለቱ ዲሾች ወደ ሳጥኑ 8 ገመድ እያንዳንዱ 6 ሜትር፣ ድምሩ 48 ሜትር። ከሳጥኑ ወደ ክፍሎቹ 9፣ 14፣ 22 እና 31 ሜትር፣ ድምሩ 76። አንድ ላይ 124 ሜትር፤ ለመታጠፊያና ለብልሽት ሲጨመር 140 ሜትር። ኮኔክተር 24፤ 30 መግዛት ይበጃል። ጥቅም ላይ ላልዋሉት 4 መውጫዎች ባለ 75 ኦም መዝጊያ ያስፈልጋል።

ገመዱ ባለ 75 ኦም አርጂ 6 ነው። የገበያው ችግር የመሃሉ ሽቦ ነው፤ ላዩ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ ብረት የሆነ በብዛት ይሸጣል። ማግኔት ሲጠጋው ከሳበው ብረት ነው። ካልሳበው ደግሞ በቢላ ይፋቅ፤ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ብረቱ ሲግናሉን ብዙ አይጎዳም፣ ምክንያቱም በዚህ ፍሪኩዌንሲ ኃይሉ የሚሄደው በሽቦው ቆዳ ላይ ነው። የሚጎዳው ቮልቱን ነው፦ የብረት ሽቦ ከንጹሕ መዳብ ከ4 እጥፍ በላይ ይቃወማል። ሪሲቨር በቀጥታ ኳድ ኤልኤንቢ በሚያበላበት ቤት 18 ቮልቱ መንገድ ላይ እየቀነሰ ኤልኤንቢው 13 አድርጎ ይረዳዋል፤ ሩቅ ክፍል ውስጥ ሆሪዞንታል ቻናሎች ብቻ የሚጠፉት በዚህ ነው። የማልቲስዊቹ ብዙ የማይነገርለት ጥቅም እዚህ ላይ ታየ፦ ኤልኤንቢዎቹን የሚያበላው የራሱ አዳፕተር ስለሆነ ከሪሲቨሩ የሚሄደው ትእዛዙ ብቻ ነው፤ በ31 ሜትር ላይ እንኳ ትእዛዙ አልተሳሳተም።

የሲግናል መድከም ግን ማልቲስዊችም አያድነውም። ጥሩ አርጂ 6 በ100 ሜትር 1000 ሜጋኸርዝ ላይ 20 ዲሲቤል፣ 2150 ላይ 30 ዲሲቤል ገደማ ያጠፋል። የ31 ሜትሩ ክፍል ውስጥ ሚያዝያ ላይ የናይልሳት ቻናሎች ከ12600 በላይ ያሉት ብቻ ካሬ ካሬ እየሆኑ ይቆራረጡ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ንጹሕ። ኤልኤንቢው ፍሪኩዌንሲውን ቀንሶ ነው ወደ ገመዱ የሚያወርደው፦ 12600 ከፍተኛ ባንድ ላይ ስለሆነ 10600 ሲቀነስለት ገመዱ ላይ የሚወርደው 2000 ሜጋኸርዝ ነው፤ ኢትዮሳት 11105 ግን 9750 ሲቀነስለት 1355 ብቻ። መጀመሪያ የሚሞተው ላይኛው ነው። መንስኤው ሁለት ሆኖ ተገኘ። ኮርኒስ ውስጥ ገመዱ በማዕዘን ላይ ተሰብሮ ታጥፏል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ በእጅ የሚጠመዘዝ ኮኔክተር ነበር። አርጂ 6 ሲታጠፍ የቅስቱ ራዲየስ ከ7 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም። የተሰበረው ቁራጭ ተቆርጦ ወጥቶ መስመሩ እንደገና ሲሳብ፣ ኮኔክተሩም በመጭመቂያ በሚጠብቀው ሲተካ ቻናሎቹ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠፉም።

ስለዚህ ኮኔክተር ላይ አይቆጠብ። የውጭው ልባስ 12 ሚሊሜትር ያህል ይላጣል፣ መረቡ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ነጩ ማገጃ ከኮኔክተሩ ወለል ጋር እኩል ይሆናል፣ የመሃሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ይወጣል። ከመረቡ አንዲት ፀጉር የመሃሉን ሽቦ ከነካች ሾርት ነው፤ ሪሲቨር ከመሰካቱ በፊት በቴስተር ማየት ግድ ነው። የሚጠብቀው በ11 ቁልፍ ነው፤ በእጅ ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ።

ሙቀቱ የዚህ ከተማ የራሱ ፈተና ነው። ሳጥኑና አዳፕተሩ መጀመሪያ የተሰቀሉት ኮርኒስ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነበር፤ ገመድ ስለሚያሳጥር ገጣሚዎች የሚመርጡት ቦታ ነው። ድሬዳዋ ላይ ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። ግንቦት ላይ ከቀትር በኋላ 4ቱም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይጠፉና ማታ ይመለሱ ነበር። ሁሉም ክፍል አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ ያለው በጋራው ነገር ላይ ነው፦ አዳፕተሩ ሞቆ ራሱን ያጠፋ ነበር። ሳጥኑ ኮሪደር ላይ በሰው ቁመት፣ አየር በሚያገኝ ክፍት መደርደሪያ ላይ ከወረደ ወዲህ በሰኔ ሙቀት እንኳ አልተደገመም። ከሳጥኑ ወደ ዲሹ ያለው ገመድ 2 ሜትር ረዘመ፤ ለዚህም የተረፈው ገመድ በቃ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ገመድ ጥቁር ልባስ ይኑረው፤ ነጩ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል።

ዝናቡ የገባው በኤልኤንቢው ኮኔክተር ነው። ገመዱ ከኤልኤንቢው ወጥቶ ወደ ታች ቀለበት ሠርቶ ከዚያ ካልወጣ ውሃ ተከትሎት ይገባል። ከአንደኛው ዲሽ አንድ ኮኔክተር አረንጓዴ ዝገት ይዞ ተገኝቷል፤ የጎደለው ከፍተኛው ቨርቲካል ብቻ ነበር፣ በሁሉም ክፍል። ይህም ለምርመራ ጥሩ መንገድ ነው፦ አንድ ቡድን ቻናል በሁሉም ክፍል ከጠፋ ከሳጥኑ ወደ ዲሹ፣ ሁሉም ቻናል በአንድ ክፍል ከጠፋ ከሳጥኑ ወደ ክፍሉ ይፈለግ። ኮኔክተሩ የጎማ ቆብ ወይም እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ያስፈልገዋል፤ ተራው የኤሌክትሪክ ፕላስተር በፀሐዩ ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል።

ለመብረቅ የዲሾቹ ምሰሶ በ16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ከመሬት ዘንግ ጋር፣ የገመዶቹ መረብ ደግሞ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ከዚያው ጋር ተያይዟል። ይህ ቀጥታ የሚመታን መብረቅ አይመልስም፤ ነጎድጓድ ሲቀርብ አዳፕተሩንና ሪሲቨሮቹን መንቀል አሁንም ግዴታ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የቮልት ዝላይም እንዲሁ ስጋት ነው፤ ሳጥኑ ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ ሶኬት አይሁን።

በሪሲቨሮቹ ላይ ኤልኤንቢ «ዩኒቨርሳል» 9750 እና 10600፣ 22 ኪሎኸርዝ «አውቶ»፣ ዳይሴክ (ሪሲቨሩ ከሁለቱ ዲሾች አንዱን የሚመርጥበት ትእዛዝ) ኢትዮሳት ኤ፣ ናይልሳት ቢ ሆኖ በ4ቱም ክፍል አንድ ዓይነት መሞላት አለበት። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትና በመስከረም አጋማሽ ለጥቂት ቀናት ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ኢትዮሳት፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ናይልሳት ለደቂቃዎች ይቆራረጣል። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት ዲሽ የሚነካ ሰው የተስተካከለውን ያበላሻል።

2 ቴሌቪዥን ብቻ ላለው ቤት ይህን አልመክርም። በየዲሹ አንድ ባለ 2 መውጫ ኤልኤንቢ፣ በየሪሲቨሩ አንድ የዳይሴክ ስዊች ይበቃል፤ አዳፕተርም ኮሪደርም አያስፈልግም። ለ3 ቴሌቪዥን ኳድ ኤልኤንቢ በዳይሴክ ከመዳብ ገመድ ጋር እኩል ይሠራል። ማልቲስዊቹ ዋጋውን የሚመልሰው ከ4 ጀምሮ፣ በተለይ አንዱ ክፍል ከ25 ሜትር በላይ ሲርቅ ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ ላሉ ቤቶች ደግሞ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ በክፍሎች መካከል መብሳት አይታሰብ። ሳጥኑን በግቢው በኩል ጥላ ባለው ግድግዳ ላይ ውሃ በማያስገባ ማቀፊያ አድርጎ፣ ለየክፍሉ በመስኮት ወይም በበር መቃን በኩል ማስገባት ይሻላል። የዲሹ እግርም በጭቃ በተደለደለው ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ይታሰር፤ ብሎኑ ጣሪያውን ከበሳው ውሃው ዲሹን ሳይሆን ቤቱን ነው የሚያገኘው።

መለዋወጫ ሆኖ ቤት ውስጥ መቀመጥ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር አዳፕተሩ ነው፤ እሱ ሲቃጠል 4ቱም ክፍል ይጨልማል። ሲገዛ ቮልቱ፣ አምፔሩና የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከድሮው ጋር ይነጻጸር፤ አምፔሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ቮልቱ ግን እኩል መሆን አለበት።