ጅማ ላይ ሥራ ስትመርጡ፦ መንግሥት ቤት፣ ባንክ ወይስ ቡና?

ጅማ ውስጥ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚያማርጠው ከሦስት ነው፦ የመንግሥት ቅጥር (በተለይ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ)፣ ባንክ፣ ወይም ቡናው ውስጥ መግባት። ቤተሰብ ሲመክር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይከፍላሉ?» ነው። ኑሮው እንደምናውቀው ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን «ስንት ሰዓት? የትስ ቦታ?» የሚለውም እኩል ይጠየቅ እላለሁ። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ 2,100 ብር የሥራ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 805 ብር፣ ይቆረጣል። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። አንድ ባንክ ደግሞ 18,000 ብር አቀረበላችሁ እንበል። ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260፣ የተጣራው 12,490 ብር ይሆናል። ወረቀት ላይ የ6,500 ብር የነበረው ልዩነት እጅ ሲገባ 3,895 ብር ሆነ ማለት ነው። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ግብር ስለሚከፈልበት፣ ያልተጣራውን ደመወዝ እያዩ መወሰን ያሳስታል።

አሁን ሰዓቱን እንጨምርበት። የመንግሥት ቢሮ መደበኛ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። ባንኮች የሚሠሩበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ቅዳሜም ሥራ አለ። ወሩን በአራት ሳምንት ብናሰላው የመንግሥት ሠራተኛው በሰዓት 55 ብር ገደማ፣ የባንኩ ደግሞ 65 ብር ገደማ ያገኛሉ። ባንኩ አሁንም ይበልጣል። ነገር ግን ሒሳብ አልዘጋ እያለ፣ ተቀማጭ ፍለጋ እየተዞረ ሳምንቱ 58 ሰዓት ከደረሰ፣ ትርፍ ሰዓቱም ካልተከፈለ፣ ወደ 54 ብር ይወርዳል። አዋጁ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል፤ በሕጉ «የሥራ መሪ» የሚባሉትን ግን አይሸፍንም። ሹመት ሲመጣ ደስ ከማለት በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል።

ቦታውም እንደዚያው ነው። ጅማ ተፈትናችሁ ሊሙ ገነት ወይም አጋሮ ቅርንጫፍ ልትመደቡ ትችላላችሁ። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየቀኑ መመላለስ ያደክማል፣ እዚያ ቤት መከራየት ደግሞ ያችን 3,895 ብር ይበላታል። ባለትዳር ለሆነ ሰው ሁለት ቤት ማስተዳደር ማለት ነው።

ታዲያ ባንክን የሚያስመርጠው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ከደመወዙ ይልቅ ለሠራተኛ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤት ብድር ነው። ስንት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ እንደሚፈቀድ፣ ሥራ ብትለቁ ወለዱ ስንት እንደሚሆን ጠይቁ። ብድሩ ከሌለ ወይም በጣም ከራቀ፣ የባንኩ ብልጫ ብዙም አይታየኝም።

ዩኒቨርሲቲው ሌላ ዓይነት ጥቅም አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት የያዘው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ዛሬም መለያው ነው። አስተማሪው ከተማሪዎቹ ጋር ቀበሌ ወርዶ የውኃውን፣ የወባውን፣ የእርሻውን ችግር በዓይኑ ያያል። ማስተማር ለሚወድ ሰው ይህ በብር የማይተካ እርካታ ነው። የትምህርት ዕድልም አለ፤ ተምሮ ለመጣ ግን የማገልገል ግዴታ ስላለበት ውሉ በደንብ ይነበብ። ሆስፒታሉን ከቢሮ ሥራ ጋር አንድ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ከደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ሪፈር የሚጻፍለት ታካሚ የሚመጣው እዚያ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ 39 ሰዓት የሚለውን ቁጥር ስትሰማ ምን እንደሚሰማት መገመት አያስቸግርም።

ቡናው ግን ከሁለቱም ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ሲደርስ እንቅልፍ የለም። የተለቀመው እሸት በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ማጠቢያ ጣቢያ ያለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ መኪና ይቀበላል። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ዝናብ ሲያስገመግም ይሸፈናል፣ ሲያባራ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀለል ይላሉ፤ ለልጆችም ለእርሻም ጊዜ ይገኛል። ገቢው ግን እንደ ዓመቱ ነው። የአረቢካ ቡና ዋጋ የሚቆረጠው ኒው ዮርክ ገበያ ላይ ነው፤ በ2017 ሰማይ ሲነካ ቡና የያዘ ሰው አተረፈ፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ በብድር የሰበሰበ ሰው ዕዳው ይቀረዋል። ጡረታም፣ የዓመት ፈቃድም የሚያስብላችሁ የለም። የራሳችሁ ካፒታል ወይም ቡናውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ዘመድ ከሌላችሁ መጀመሪያ አንድ ወቅት ተቀጥራችሁ ብትሠሩ ይሻላል። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) በእጁ ዘግኖ ጥራቱን መለየት የሚወድ ሰው ግን ቢሮ ውስጥ አይጸናም፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ቤተሰብ ባንክ ግባ ብሎ ባያስጨንቀው እመርጣለሁ።

እንግዲህ ለማን ምን? ላላገባ፣ የቤት ብድሩን መጠበቅ ለሚችልና የትም ቅርንጫፍ መሄድ ለማይከብደው ሰው ባንኩን እመክራለሁ። ትንንሽ ልጆች ያሏትና ቤቷ ጅማ የሆነ እናት ግን በ3,895 ብር ብልጫ ብቻ ከመንግሥት ቤት መውጣት የለባትም፤ ለልጅ ጠባቂ የምትከፍለው ሲቀነስ የሚተርፋት ነገር አይኖርም።

ቀጣሪውን ስትጠይቁ በጎ በጎው ብቻ ይነገራችኋል። ስለዚህ በቅርቡ የለቀቀ ሰው ፈልጋችሁ ለምን እንደለቀቀ ጠይቁ፤ ማታ በስንት ሰዓት ይወጣ እንደነበርም ይንገራችሁ። ውሉ ላይ የሥራ ቦታው ተጽፎ እንደሆነ፣ ዋስ የሚጠየቅ ከሆነም ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚገደድ እዩ። ባንኮች በሚሠሩበት አዋጅ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። በእነዚያ ቀናት የወጣችሁበትን ሰዓት በየማታው ጻፉና ከላይ ያለውን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት።