ጨው ውሃ ውስጥ የሰመጠው አምበር

ዘንድሮ ከሐምቡርግ ደሴ የሄድኩት አንድ ድሪ ለማሰካት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ዘመድ ልጠይቅ» እላለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። የአያቴ ድሪ ክሩ ከተበላ ቆይቷል። አክስቴ በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እኔ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ጌጥ እሠራለሁ። ቀንድ፣ አጥንት፣ ዛጎል፣ የእንጨት ዶቃ፣ ሲገኝም አምበር። ፕላስቲክ አልነካም። በዚህ ነገር ትንሽ ጉረኛ ነኝ፤ ጉራዬ ምን እንደደረሰበት ወደ ኋላ ታያላችሁ።

ቶሎ የሚያልቀውን ላስቀድም። እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄድኩ። በሰዓቱ ተነሳ፣ ሻንጣዬም ደረሰ። ከዚያ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣን። ሾፌሩ በየጠመዝማዛው ስልክ ያወራል። «ኧረ ወንድሜ፣ መንገዱን እይ!» ስለው «አብሽሪ» አለኝ። ወሎ ውስጥ «አብሽሪ» የማይመልሰው ጥያቄ የለም። ደሴ ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ሙቅ ውሃው ግን ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚመጣው። ብርድ ልብስ ስጨምር ማንም አልከለከለኝም።

አሁን ወደ ንዴቴ። አዲስ አበባ ሳልፍ ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ስድስት ትልልቅ ቢጫ ዶቃዎች ገዝቼ ነበር። «የድሮ አምበር ነው፣ የወሎ» ተባልኩ። ዘጠኝ ሺህ ብር ከፈልኩ። ደሴ ስገባ ልቤ ስላላረፈ አስተናጋጁን አንድ ብርጭቆ ውሃና ጨው አምጣልኝ አልኩት። ጨው በማንኪያ ደጋግሜ ስጨምር ቆሞ ያየኛል። «ጉሮሮሽን አሞሽ ነው?» አለኝ። ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ስድስቱም እንደ ጠጠር ሰመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምበር የዛፍ ሙጫ ነው፤ ሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ ኖሮ የደነደነ። እኔ ከምኖርበት ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ባልቲክ ባሕር ዳር፣ ማዕበል ሲወጣ ሰው ከአሸዋ ላይ ይለቅመዋል። በጣም ቀላል ነው። እጅ ላይ አይቀዘቅዝም፤ ጨው በደንብ በገባበት ውሃም ይንሳፈፋል። አፍሪካ ውስጥ የድሮ አምበር እየተባለ ከሚሸጠው ብዙው ግን አምበር አይደለም። ቤክላይት የሚባለው ፕላስቲክ በ1907 እ.ኤ.አ. ከተፈለሰፈ በኋላ አውሮፓ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በነጋዴ የመጣ የፕላስቲክ ዘር ነው። ከበድ ስለሚል ይሰምጣል። መንሳፈፉ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ አንዳንድ ቀለል ያለ ፕላስቲክም ይንሳፈፋል። ስለዚህ የጋለ መርፌም ያስፈልጋል። እውነተኛው ሲነካ የዛፍ ሙጫ ይሸታል፣ ለእጣን የቀረበ። ሐሰተኛው አፍንጫ ይቆነጥጣል።

ሱቁ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «እንዴ እህቴ፣ አምበር ይሰምጣል እንዴ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። ብሩ አልተመለሰም። ወደዚያ ሱቅ አልሄድም፣ ሰውም አልክም።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቀንድ የሚሠራ ወጣት አገኘሁ። ቀንዱን ከሥጋ ቤት ይገዛል፣ ይቀቅላል፣ ይቆርጣል፣ ይበሳል። ሲበሳው የፀጉር መቃጠል ሽታ ይወጣል፤ ቀንድ፣ ጥፍርና ፀጉር ዘራቸው አንድ ስለሆነ ነው። እውነተኛ ቀንድ ለመሆኑ ከዚያ ሽታ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ በዘይት ያሸዋል። ሁለት መቶ ዶቃ አዘዝኩት። ሁለት ቀን አስቆመኝ፤ መጠናቸውም አንድ አይደለም። ግን ቀለማቸው! ከጥቁር ተነስቶ ወደ ማር የሚሄድ። በቴሌብር ከፈልኩት። እንደገና አዝዘዋለሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን ቀኑን ሁለት ቀን ቀድሜ ነው የምነግረው።

ሰኞ በጠዋት ባቲ ገበያ ወረድኩ። ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እየወረዱ ሲሄዱ ሹራብ ይወልቃል። አፋሩ በግመሉ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ገና ከመኪና ስወርድ አንድ ልጅ «ላስጎብኝሽ» ብሎ ተጠጋኝ። አምስት መቶ ብር ተስማማን። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚወስዳችሁ ድርሻ ወዳለበት ነው። አንዱ ሰውዬ ከፎጣ ሥር የዝሆን ጥርስ አምባር አሳየኝ። ጥዬው ሄድኩ። የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተከለከለው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቦሌ ላይ የሚያሳፍር ነገር ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። የቆየ የብር ጌጥና ቅርስ የሚመስል ዕቃም ያለ ፈቃድ አይወጣም።

ልጁን «አሁን ድርሻ የሌለህ ቦታ ውሰደኝ» አልኩት። ሳቀ። ዶቃ የሚሰኩ አንዲት እናት ጋ ወሰደኝ። ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ጨሌ የሞላባቸው የብረት ሳህኖች። የአዲስ አበባዎቹን ስድስት ዶቃዎች ሰጠኋቸው። ጨው አልጠየቁም። አንዱን ጥርሳቸው ላይ አጋጩና መለሱልኝ።

«ይኼ ፕላስቲክ ነው፣ ልጄ። እኔም እሸጠዋለሁ። አምበር ነው ብዬ ግን አልሸጥም።»

ይኼን ዓረፍተ ነገር ሰምቼ ድሪውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሃያ ሦስት ዶቃ ነው። ከጀርመን ያመጣሁትን የናይለን ክር ሳሳያቸው በእጃቸው ገፉት። ናይለን ቀዳዳውን ይበላዋል አሉ። የጥጥ ፈትል ገመዱ፣ ሰም ቀቡት። አሮጌውን ክር ሲቆርጡ ግን ነጠላቸውን ዘረጉና ዶቃዎቹን በነበሩበት ተራ አንድ በአንድ አስቀመጧቸው። እኔ ሆቴል ውስጥ የሠራሁትን ነገርኳቸው፤ በጨው ውሃ ሞክሬ ዘጠኙ ተንሳፍፈዋል፣ አሥራ አራቱ ሰምጠዋል። የተንሳፈፉት ላይ በእስክሪብቶ ትንሽ ምልክት አድርጌያለሁ። እውነተኞቹን ለብቻ ይስኩልኝ አልኳቸው።

«ነይ እዪ» አሉኝ። ሁለት ጎረቤት ዶቃዎችን አንስተው አጋጠሙ። የአንዱ ጎን ጎድጎድ ብሏል፣ የሌላው ወጣ ብሏል፤ እንደ ክዳን ገጠሙ። ሌላ ጥንድ አነሱ፤ እሱም ገጠመ። አያቴ አንገት ላይ ስንት ዓመት ሲፋተጉ ኖረው አንዱ በሌላው ልክ ተበልቷል። ተራው ከተዛባ በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ ክሩም ቶሎ ይበጠሳል። ከገጠሙት ጥንዶች አንዱ የኔ ምልክት ያለበት ነበር፣ ሌላው የሌለበት።

በነበረበት ተራ ሰኩት። ሦስት መቶ ብር አሉኝ። ጨምሬ ስሰጥ ትርፉን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት፤ በግድ የቡና ብለው ተቀበሉኝ።

ማታ ለአክስቴ ስለ ጨው ውሃው ስነግራት ድሪውን ከእጄ ነጥቃ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። «ጨው ውሃ ደግሞ ምን አባቱ ያውቃል!» አለች። እዚያው ደሴ ቀረ።