ቀብዴን የመለሰልኝ የወለል ባለሙያ

ይህን ምስጋና አምና በኅዳር፣ ሥራው እንዳለቀ ልጽፈው አስቤ ነበር። ተውኩት። በጅማ ክረምት ያልተፈተነ ወለል አይመሰገንምና አንድ ሙሉ ዝናብ ይለፍበት ብዬ ጠበቅሁ። ዝናቡ አለፈ፤ ወለሉም እንደ ተነጠፈበት ቀን ቀጥ ብሎ ተኝቷል። እንግዲህ ዕዳዬን ልክፈል።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ 2015 ነው። ከአባቴ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ቀጥለን ሠራንና ወለሉን ላሚኔት የሚባለውን እንጨት መሰል ሰሌዳ ልናለብሰው ወሰንን። ሲሚንቶው ከተለሰነ አንድ ወር አልሞላውም፤ ውጭው ዝናብ ነው። እኛ ግን ለመስከረም እንግዳ ስላለብን ቸኩለናል። የመጣው ሠራተኛም ከእኛ ብሶ ቸኩሏል። በሁለት ቀን አንጥፎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ቤቱ አማረ። ስድስት ወር ሳይሞላው መጋጠሚያዎቹ ከፍ ከፍ አሉ፤ ከዚያም የክፍሉ መሀል ተነፋ። ስንረግጠው ይሰምጣል፣ ስንለቀው ይነሳል። እማዬ «እዚህ ቤት ፍልፈል ገባ እንዴ?» ትል ነበር። ሠራተኛው ጥፋቱ የዕቃው ነው አለ፤ ሻጩ ጥፋቱ የአነጣጠፉ ነው አለ። እኛ መሀል ቀረን።

በነሐሴ 2016 አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ባለሙያ ጠቆመችኝ። በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ልጅ ነው። ባለሙያ ከእጅ እንዳያመልጥ በቀብድ ማሰር ልማዳችን ነውና ገና ከበር ሳያልፍ ገንዘቡን አስጨበጥሁት። ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ ወደ ቤት ግን አልገባም። ቤቱን ዞረው። ቡና ልታቀርብለት የተነሳችው እማዬ «የት ሄደ?» ስትል ወጥቼ ፈለግሁትና ጓሮ ቆሞ ወደ ጣሪያው ሲያንጋጥጥ አገኘሁት። የአሸንዳው መውረጃ ከመጋጠሚያው ተላቆ ውሃው በቀጥታ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። መሬቱ ጎድጉዶ ድስት የሚያህል ኩሬ ሠርቷል። ልብስ የምናሰጣበት ገመድ አጠገብ ስለሆነ ኩሬውን በየቀኑ እናየው ነበር። ከወለሉ ጋር ያገናኘው ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ። ተንበርክኮ ወለሉን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። ከግድግዳው ሥር የሚዞረውን ዞኮሎ በጥንቃቄ ነቅሎ አሳየኝ፤ የላሚኔቱ ሰሌዳ ከግድግዳው ጋር ተላትሟል። «ይህ የተፈጨ እንጨት ነው። እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል። መስፊያ ካጣ ወዴት ይሂድ? ወደ ላይ ነዋ» አለኝ። ለካ ዙሪያውን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ነበረበት፤ ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል። አንዱን ሰሌዳ አንስቶ ሲገለብጠው ሆዱ ጠቁሯል። ሽታው ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ጎተራን ያስታውሳል። ከሥሩ ያለው ስስ ስፖንጅ ብቻ ነው፤ እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ አልተነጠፈም።

የዚያን ዕለት ማታ ሰሌዳዎቹን አነሳንና ባዶው ሲሚንቶ ላይ አንድ ሜትር የሚያህል ግልጽ ላስቲክ ዘርግቶ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸገው። በማግስቱ መጥቶ ሲገልጠው ከላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ውሃ እንደ ላብ ተንጠልጥሏል፤ ሲሚንቶውም እዚያው ላይ ጠቁሯል። ያን ጊዜ ከኪሱ ቀብዱን አወጣ፤ የሰጠሁት ብር እንደታጠፈ ነበር።

«ይውሰዱት። አሁን ባነጥፈው ከርሞ ስሜን ጠርተው የሚረግሙኝ እርስዎ ነዎት። አሸንዳውን ያስጠግኑ፣ ውሃውን ከግድግዳው ያርቁ፣ መስኮቱን እየከፈቱ ያናፍሱት። ሲደርቅ ይደውሉልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድሁ። ሥራ የማይፈልግ ሰው መሰለኝ፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ልፈልግ ነበር። ያቆመችኝ እማዬ ናት። «ገንዘብ የሚመልስ ሰው ዋሽቶ ምን ያተርፋል?» አለች።

የጅማ ዝናብ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ተሰናብቶ የሚሄድ አይደለም። አሸንዳውን አስጠገንን፣ ከግድግዳው ሥር ቦይ አስቆፈርን፣ ጠበቅን። በጥቅምት ያንኑ ላስቲክ ራሴ ለጠፍሁ፤ አላበው። በኅዳር ደገምሁት፤ ደርቆ አደረ። ደወልሁ፤ ስልኩን አላነሳም። ይህ ጉድለቱ ነው፣ አልደብቅም። እጁ ሥራ ላይ ካለ ስልክ አያነሳም፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሱ ይደውላል።

ዕቃ ልንገዛ አብሮኝ ሄደ። ሻጮች ሁሉ የሚያወሩት ስለ ውፍረት ነው፤ ይሄ 8 ሚሊ ሜትር፣ ያ 12 ሚሊ ሜትር እያሉ። እሱ ካርቶኑን ገልብጦ «ኤሲ» ከሚለው ምልክት አጠገብ ያለውን ቁጥር ያነባል። ውፍረቱ ሲረግጡት ለሚሰማው ድምፅና ለመጋጠሚያው ጥንካሬ ይጠቅማል፤ ጭረትን የሚችለው ግን ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው። የሽፋኑን አቅም የሚናገረው ያ ቁጥር ነው። ለመኝታ ቤት 3 ይበቃል፣ እግር ለሚበዛበት ክፍል 4 ይሻላል አለኝ። ከሁለት ዓይነት ላሚኔት ቁራጭ ለምኖ ወደ ቤት አመጣና በእማዬ ሲኒዎች ውሃ ሞልቶ ነከራቸው። ጠዋት የአንዱ ጠርዝ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጦ ተገኘ፤ ሌላው እምብዛም አልተለወጠም። ያበጠው ውዱ ነበር። ከተለካው አንድ አሥረኛ ትርፍ አስገዛኝ፤ ለቁርጥራጭ የሚባክነው ተቀንሶ የቀረው ለጥገና አልጋ ሥር ተቀምጧል። ካርቶኖቹንም ሳይከፍት ሁለት ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ አጋደማቸው፤ «አየሩን ይልመዱት» አለ። ማንጠፉ ራሱ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ፈጀ።

ይበልጥ የማመሰግነው ግን ስላልሠራው ሥራ ነው። የአባቴን ሳሎን ወለልም በላሚኔት ላስሸፍነው አስቤ ነበር። ድፍን ጣውላ ነው፤ አባቴ ቀረሮ ነው ይል ነበር። ከዕድሜው ብዛት ጠቁሮ፣ ተሸራርፎ፣ የማንንም ዓይን የማይስብ ሆኗል። ባለሙያው በቢላዋ ጫፍ አንድ ጥግ ፈቅፍቆ ካየ በኋላ «ይህንንስ አላለብሰውም» አለኝ። ላሚኔት ሽፋኑ ካለቀ አለቀ፣ አይላግም፤ ድፍን ጣውላ ግን ተልጎ ይታደሳል፣ ከዓመታት በኋላም ይደገማል። በእንጨት የተሠራውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጅሬን ወጥተን እያየን ያደግን ሰዎች ይህን መዘንጋታችን ይገርማል። ሸፍኖልኝ ቢሆን ኖሮ ብዙ ያተርፍ ነበር።

ጥቁረቱ የእንጨቱ አልነበረም። እማዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰም በነጭ ጋዝ እያሟሟች ትቀባው ነበርና ሰሙ ከአቧራው ጋር ተደራርቦ ነው። ሰሙ ሳይወጣ ቫርኒሽ አይዝም። በመጀመሪያ ሰሙን ፋቀ፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ቁጥር 40 ጀምሮ በ80 አድርጎ እስከ 120 ላገው። በየሰሌዳው መሀል የነበረውን ስንጥቅ ከዚያው ወለል በወጣ ዱቄትና በኮላ ደፈነው፤ ለዚህ ነው ድፍኑ ዛሬ ለዓይን የማይለየው። መስኮቱ አጠገብ አባቴ ወንበሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ እግሮቹ ያጎደጎዷቸው ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ። እዚያ ሲደርስ ማሽኑን አጠፋና ወደ እማዬ ዞሮ «እናቴ፣ ይደፈን ወይስ ይቆይ?» አለ። እማዬ ትንሽ ዝም ብላ «ይቆይ» አለችው። ዙሪያውን በእጁ አለስልሶ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባበት። ጉድጓዶቹ አሁንም አሉ።

ቡናው ነበር ያከራከረን። ባለሙያው ማንደጃና እርጥብ ቄጤማ የሳሎኑን ወለል እንዳይነካው ሲል እማዬ ተቆጣች። «ቡና የማይፈላበት ሳሎን ምን ሳሎን ነው?» በማግስቱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሴራሚክ ይዞ መጣ፤ ከሥሩ ከአሮጌ የሱፍ ኮት የተቆረጠ ጨርቅ ለጥፎበታል። ማንደጃው እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ቄጤማው ሰሌን ላይ ይጎዘጎዛል። ለሴራሚኩ አላስከፈለንም። በዚያው ኮት ትራፊ የበርጩማዎቹንም እግር አለበሰልን፤ የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ስላለው ክብደቱ ሁሉ በሦስት ነጥብ ያርፋልና ወለል ይወጋል።

ለአያያዝ የነገረን ብዙ አይደለም። ውሃ ደፍቶ መጥረግ ቀርቷል፤ ጨርቁ ተጨምቆ ጠብ እስከማይል ድረስ ነው፣ የፈሰሰ ነገርም ወዲያው ይደርቃል። ላሚኔት ላይ ሰም አይቀባም፤ አይጠጣውም፣ እላዩ ላይ ቀርቶ ያንሸራትታል። ከውጭ ይዘነው የምንገባው ቀይ ጭቃ ደርቆ አሸዋው ሲቀር ወለሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቀው በሩ ላይ ሁለት ምንጣፍ አድርገናል፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። ለጣውላው ደግሞ መለያ ሰጥቶናል። ጠብታ ውሃ ጣል ሲያደርጉበት ተንከባሎ ከቆመ ቫርኒሹ ደህና ነው፤ ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው እንደገና መቀባት ያስፈልገዋል። በዚህ ጥቅምት ሞከርሁት፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ቆመ።

እንከኑንም ልናገር። ሲልግ የወጣው አቧራ ሳምንት ሙሉ ከየሳህኑ ስንጠርግ ከርመናል፤ ሳሎን የምታስልጉ ዕቃችሁን አስቀድማችሁ ሸፍኑ። በበሩ ሥር ሁለቱን ወለሎች የሚያገናኘው ዘንግም ቀለሙ አልገጠመም። ተስማሚው ከአዲስ አበባ ይመጣል ብሎኝ ነበር፤ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ጅማ ላይ ምስጋና በአንድ ቋንቋ ብቻ ከተባለ ጎደሎ ነውና እማዬ ሲሄድ እጁን ይዛ በኦሮምኛ «ገላቶሚ፣ ልጄ» ያለችውን እኔም እደግመዋለሁ። ገላቶሚ፣ ወንድሜ።

ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፈው ስለለመነኝ የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጠይቁኝ። የምትደውሉለት ማታ ይሁን። ቀብዱን ደግሞ ቤታችሁን ዞሮ ጣሪያውን እስኪያይ ድረስ ከኪሳችሁ አታውጡት።