አርክሎን ወይስ ዳቭኤፍኤስ 2? የዳታ ጥቅል ለሚቆጥር ሰው

ፒያሳ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፦ "ኢንተርኔት ላይ ያለውን ፋይልህን ሊኑክስ ላይ እንደ ፎልደር የምትከፍተው በምንድን ነው?" በአርክሎን (rclone) ነው። ይህንኑ የሚሠራ ዳቭኤፍኤስ 2 (davfs2) የሚባል ሌላ ፕሮግራምም ሞክሬያለሁ። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መጀመሪያ ጅልነቴን ልናገር። ፋይሌን ኢንተርኔት ላይ ለማስቀመጥ ብዬ ቴሌግራም ላይ "የዕድሜ ልክ 1 ቴራባይት" የሚል የማከማቻ አካውንት በ900 ብር ገዛሁ። ዕድሜ ልኩ አራት ወር ሆነ። የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ ሻጩም ብሎክ አደረገኝ። የጉግል ድራይቭ ነፃው 15 ጊጋባይት ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የጋራ ቢሆንም፣ ቢያንስ የራሳችሁ ነው።

ሁለቱም ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። ገንዘቡን የሚበላው ዳታው ነው። ዳቭኤፍኤስ 2 ፋይል ስትከፍቱ ሙሉውን ያወርዳል። ለጥምቀት ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዳር የቀረጽኩት 3 ጊጋባይት ቪዲዮ ነበረኝ። ሰዉ ዘሎ ውኃው ውስጥ ሲገባ ያለችውን አንድ ደቂቃ ፈልጌ ብከፍተው፣ ጥቅሌ ሙልጭ አለ። ቪዲዮው እንኳ አልተከፈተም! አርክሎን ግን ጊዜያዊ ፋይል የሚያስቀምጥበትን መንገድ የሚወስነውን ቅንብር፣ ቪኤፍኤስ ካሽ ሞዱን (--vfs-cache-mode)፣ "ፉል" (full) ካላችሁት የምታዩትን ክፍልና ትንሽ ወደፊት ያለውን ብቻ ነው የሚያመጣው።

ሌላም አለ። ዳቭኤፍኤስ 2ን ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲከፈት ኤፍኤስታብ (fstab) ውስጥ፣ ሊኑክስ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮችና ፎልደሮች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ ጽፌው ነበር። አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ላፕቶፑ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። "ወንድሜ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፤ 3,500 ብር" አለኝ። ይዤው ተመለስኩ። ኤፍኤስታብ ውስጥ የጎደለችው "ኖፌይል" (nofail)፣ ማለትም "ይሄ ባይከፈትም መነሳትህን ቀጥል" የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

መብራት ሲሄድስ? አርክሎን ሳይልከው የቀረውን ፋይል ዲስክ ላይ ይዞ ይቆያል። በዚያው ትእዛዝ ስታስነሱት ይልከዋል። እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዳቭኤፍኤስ 2 ከንቱ ነው አልልም። መሥሪያ ቤታችሁ ኔክስትክላውድ (በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫን የፋይል ማከማቻ) ካለውና የምትከፍቱት ደብዳቤና ኤክሴል ብቻ ከሆነ ይበቃችኋል። ጉግል ድራይቭን ግን አይከፍትም፤ የሚሠራው ዌብዳቭ (WebDAV) የሚባለው የፋይል መለዋወጫ ዘዴ ካለው ሰርቨር ጋር ብቻ ነው።

አርክሎንም ጣጣ አለው። ዲስካችሁ ላይ የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ፋይል (ካሽ) እናንተ ካልገደባችሁት የመጠን ገደብ የለውም። የእኔ ዲስክ 128 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ የካሹን ከፍተኛ መጠን (--vfs-cache-max-size) 5 ጊጋባይት ላይ አስሬዋለሁ።