የመሳሪያ ሕግን በአማርኛ ለሚያስተምሩን አሰልጣኝ ምስጋና፤ ለዲኤምቪ ነዋሪዎችም ጥቆማ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ሽጉጥ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ወይም ገዝታችሁ ቤት ካስቀመጣችሁ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በሰሜን ቨርጂኒያ የመሳሪያ ሕግና አያያዝ በአማርኛ የሚያስተምሩንን አሰልጣኝ ለማመስገን የጻፍነው ነው። ስማቸው ከሽጉጥ ጋር ተያይዞ በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጻፍነውም፤ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እንልክላችኋለን።

ተኩስ የሚያስተምር ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። እሳቸው ግን የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በሕጉ ላይ ያውሉታል። የሚጀምሩትም ከእያንዳንዱ ሰው የመኖሪያ ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ሌላ ክልከላ ከሌለበት፣ ፈቃድ ካለው ሱቅ መግዛት ይችላል፤ ሽጉጥ ከሆነ ዕድሜው 21 መሙላት አለበት። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ የገባ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት በቀር፣ በፌዴራል ሕግ መግዛት ቀርቶ መያዝም አይፈቀድለትም። እንግዳ ሆኖ የመጣን ዘመድ ወደ ተኩስ ሜዳ ወስዶ ሽጉጥ አስይዞ ፎቶ ማንሳት እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ ጣጣው ግን ለአስያዡም ለያዡም ይተርፋል። ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ሲመጣ አሰልጣኛችን «መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃህን አነጋግር» ብለው ክፍያውን መልሰው ይሸኙታል። ገበያ እያመለጣቸው እንዲህ ማድረጋቸው ትልቅ ክብር ይገባዋል። የኢሚግሬሽን ሕጉ የመሳሪያ ሕግ ጥሶ መፈረድን ራሱን የቻለ ከአገር የመባረሪያ ምክንያት አድርጎ አስቀምጦታልና፣ ለዜጋ በገንዘብ ቅጣት የሚያልቅ ጥፋት የግሪን ካርድ ባለቤትን ከነቤተሰቡ ሊያናጋ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ የሚሞላውን ቅጽ 4473ም ጥያቄ በጥያቄ በአማርኛ ያስረዳሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ስለ ማሪዋና የሚጠይቀው ነው፤ በምትኖሩበት ግዛት መፈቀዱ የፌዴራሉን ሕግ አይሽረውም። ሁለተኛው «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?» የሚለው ነው። ቨርጂኒያ ያለ ወንድም ሜሪላንድ ላለ ወንድሙ በራሱ ስም ገዝቶ ቢሰጠው ሁለቱም የፌዴራል ወንጀል ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ ለሌላ ሰው ሽፋን ሆኖ መግዛትን እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። አገር ቤት መሳሪያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ ወንድም ሲተላለፍ ላየ ሰው ይህ ከባድ ይመስላል። ስለዚህም ነው አሰልጣኛችን ደጋግመው የሚናገሩት። ግዛት የሚያቋርጥ ስጦታ ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል ማለፍ አለበት።

ከሁሉም በላይ የምናመሰግናቸው ቨርጂኒያን ከዲሲ ስለሚያገናኙት ድልድዮች ባስተማሩት ትምህርት ነው። በቨርጂኒያ ሽጉጥ ለመያዝ ያልተከለከለ ሰው፣ በግል መኪናው ውስጥ በተዘጋ ሳጥን ወይም በዳሽቦርዱ ኪስ ዘግቶ ካስቀመጠው፣ ጥይት የጎረሰም ቢሆን የመደበቂያ ፈቃድ (ሽጉጥን ሸሽጎ ለመያዝ የሚሰጥ ፈቃድ) አያስፈልገውም። ያው መኪና ከአርሊንግተን ተነስቶ የ14ኛውን መንገድ ድልድይ ሲሻገር ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ መሳሪያ በከተማው ፖሊስ መመዝገብ አለበት። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ ከቤት ወይም ከንግድ ቤት ውጭ መገኘት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የተመዘገበ መሳሪያ የሌለው ሰው ጥይት ብቻ ይዞ ቢገኝም ወንጀል ነው። ሽጉጡን ቤት ትቶ የወጣ ሰው በጃኬት ኪሱ በተረሳች አንዲት ጥይት ሊከሰስ ይችላል ማለት ነው። የቨርጂኒያን የመደበቂያ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይቀበሉትም። ዲሲ ነዋሪዋ ካልሆነ ሰውም የራሷን የመደበቂያ ፈቃድ ማመልከቻ ትቀበላለች፤ የሚጠየቀው ሥልጠና 16 ሰዓት በክፍል፣ 2 ሰዓት ደግሞ በተኩስ ሜዳ ነው።

ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ሁለቱም ድርጅቶች ለሹፌርም ለተሳፋሪም መሳሪያ ይከለክላሉ፤ ጥሪው የት እንደሚያደርሳችሁም አታውቁም። ቤት ቆልፋችሁ ውጡ።

ዲሲን አቋርጦ ማለፍ ግድ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከለላ ይሰጣል፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ ግን አንድ በአንድ መሟላት አለባቸው። የተነሳችሁበትም የምትደርሱበትም ቦታ መያዝና መሸከም የሚፈቀድላችሁ መሆን አለበት። ጥይት የሚሞላበት ካዝና ከሽጉጡ ይወጣል፤ ቀጥሎ በርሜሉ ውስጥ የጎረሰችው ጥይት ትወጣለች፤ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ካዝናውን አውጥቶ የጎረሰችውን መርሳት የብዙ አደጋ መነሻ ነው። ከዚያ ሽጉጡም ጥይቱም ከተቀመጣችሁበት እጃችሁ የማይደርስበት ትራንክ ውስጥ ይገባሉ። ሲዬናና ሃይላንደር የምትነዱ፣ መኪናችሁ የተለየ ትራንክ ስለሌለው ሁለቱም በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ መሆን አለባቸው። የዳሽቦርዱ ኪስና በፊት ወንበሮች መካከል ያለው ሳጥን ቢቆለፉም አይቆጠሩም። ከለላው ለሚያልፍ እንጂ ለሚያርፍ አይደለም፤ መንገድ ላይ ለክትፎ ወርዶ ሰዓት ማጥፋት ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ሜሪላንድ የራሷ ሥርዓት አላት። ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ ሥልጠናና የጣት አሻራ የሚጠይቅ የብቃት ፈቃድ ይወጣል፤ ከማመልከቻው በኋላም 7 ቀን ይጠበቃል። ወደ ተኩስ ሜዳ ወይም ወደ ጥገና ስትወስዱትም ጥይት የሌለበትና በተዘጋ መያዣ ውስጥ ያለ መሆን አለበት።

ስለ አውሮፕላን ጉዞ የሚሰጡት ማብራሪያ ብቻውን የክፍያውን ዋጋ ያወጣል። መሳሪያ የሚጓዘው በሚጫን ሻንጣ ብቻ ነው፤ ጥይት ሳይጎርስ፣ ጠንካራና ጠርዙ ተፈልቅቆ በማይከፈት የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ሆኖ። በእያንዳንዱ በረራ ትኬት መቁረጫው ጋ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ቁልፉም ከእናንተ ጋር ይቆያል። ጥይት ሻንጣ ውስጥ ተበትኖ አይገባም፤ ለጥይት በተሠራ ካርቶን፣ ፕላስቲክ ወይም ብረት ማሸጊያ ይታሸጋል። ብዙ አየር መንገዶች ከ5 ኪሎ በላይ አይቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ኤርፖርቶች ፍተሻ ላይ 6,678 መሳሪያ ተይዟል፤ አብዛኛው ጥይት የነበረበት ነው። «ረስቼው ነው» የሚለው መልስ ከቅጣት አያድንም። ስለዚህ ለተኩስ ሜዳ የሚያገለግል ቦርሳ ለብቻው ይኑራችሁ፤ ላፕቶፕና የልጅ ልብስ አይግባበት።

የመሸጋገሪያ በረራ ያመለጣቸው ሰዎችም መጠንቀቅ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከዩታ ወደ ፔንሲልቬኒያ ይጓዝ የነበረ ሰው ኒው ጀርሲ፣ ኒዋርክ ላይ መሸበት። ሻንጣውን ተረክቦ ሆቴል አደረ፤ በማግስቱ ሕጉን ጠብቆ መሳሪያውን ሲያስታውቅ ታሰረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሻንጣው እጁ ከገባ የፌዴራሉ ከለላ አይሸፍነውም አለ። እንዲህ ከገጠማችሁ ሻንጣውን አትረከቡ፤ አየር መንገዱ እስከ ቀጣዩ በረራ እንዲያቆየው ጠይቁ።

ከደለስ ወደ ቦሌ መሳሪያ ይዞ መሄድን ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። ከአሜሪካ ሲወጣ የራሱ ደንብና የጉምሩክ ማስታወቂያ አለው፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሳሪያና ጥይት ማስገባትን ከልክላለች።

እኚህን አሰልጣኝም ሆነ ሌላ ሰው ከመምረጣችሁ በፊት የምስክር ወረቀቱ የየት እንደሆነ ጠይቁ። ዲሲ የምትቀበለው የከተማው ፖሊስ ያጸደቀውን አሰልጣኝ ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ የግዛቱ ፖሊስ የመዘገበውን። የአንዱ ለሌላው አይሠራም፤ ይህን ሳይጠይቁ ከፍለው ድጋሚ የሚማሩ አሉ። አሰልጣኛችን የሁለቱንም ወረቀት ሳይጠየቁ ያሳያሉ። በሚያድሉት ጽሁፍ ላይ የተዘጋጀበትን ቀን ያሰፍራሉ፤ ሕጉ ስለሚቀያየርም ከጉዞ በፊት የየአካባቢውን ፖሊስ ድረ ገጽ እንድናይ አጥብቀው ያሳስባሉ። ዒላማ መምታት ብቻ ለምትፈልጉ ትምህርቱ ሊረዝምባችሁ ይችላል፤ የተኩሱ ክፍል አጭር ነው።

ለመመዝገብ መንጃ ፈቃዳችሁን እና ግሪን ካርዳችሁን ወይም ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ኑ። ባልና ሚስት አብራችሁ ብትመጡ ይመረጣል፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ስለ ሽጉጥ ማስቀመጫ ሳጥንና ስለ ቁልፉ አቀማመጥ ሁለታችሁም መስማት አለባችሁ። ሽጉጥም ጥይትም ወደ ክፍሉ አታምጡ፤ ለልምምድ የሚያስፈልገውን እሳቸው ያቀርባሉ።